«ውሃ መጣ»ን አትዩት

ሃሴት ዓይኗን ባትታመም ኖሮ «ውሃ መጣ» የሚባል ድራማ በዓለም ላይ መኖሩን አታውቅም ነበር።

በሽታው ተራ ነው፤ ትምህርት ቤቱን ሲዞር የከረመ የዓይን ማዝ። ሁለቱም ዓይኖቿ ቀሉ፣ አበጡ፣ ጠዋት ጠዋት በሞቀ ውሃ ካልታጠቡ አልገለጥ አሉ። ሐኪሟ ጠብታ አዘዘችላትና ቤት ተቀመጪ አለቻት። ቤት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ምን ይሠራል፣ መስኮት ያያል።

መስኮት የሚሉት ማያ ገጽ በየሰዉ ቤት ግድግዳው ላይ ነው። ሃሴት ሳትወለድም እዚያው ነበር። ሰው ፊቱ ሲቀመጥ ዓይኑን ያነብና የሚወደውን ይሠራለታል። እናቷ ስትቀመጥ፣ ጥሏት የሄደ ባል ተመልሶ በር ላይ ቆሞ ይቅርታ የሚጠይቃት ሴት ትመጣለች። ሃሴት ስትቀመጥ ደግሞ ዋናዋ ልጅ የሃሴትን ጉንጭ ይዛ ትመጣለች። መሃል ላይ ሊደብራት ሲል፣ ገና እሷ መደበሩን ሳታውቅ ታሪኩ ይታጠፋል። የአንዱን ፊልም ሌላው አያይም። ለምን ብሎ የሚጠይቅም የለም፤ የጥርስ ብሩሽ ለምን አንዋዋስም ብሎ የሚጠይቅ እንደሌለ ሁሉ።

ያን ሰሞን ግን የሃሴት ዓይን የሚነበብ ዓይን አልነበረም። መስኮት ፍቅር አመጣላት፤ ዓይኗ ያው እብጠት ነው። ጦርነት አመጣላት፤ ያው እብጠት። ሠርግ አመጣ፣ ውሻ አመጣ፣ ሕፃን ልጅ ሲወድቅ አመጣ። በመጨረሻ ሰለቸው መሰል፣ ከጓዳው እጁ የገባለትን አንስቶ ሰጣት።

ጓዳ የሚባለው ዓይን ያላገኘ ነገር ሁሉ የተከመረበት ነው። ድሮ ሰዎች በካሜራ የቀረጿቸው፣ ዛሬ ማንም የማይጠራቸው ፊልሞችና ድራማዎች እዚያ አሉ። ብዙ ዓይን የተሰበሰበበት ነገር ወደ ሳሎን ይወጣና ለእያንዳንዱ ተመልካች በልኩ ይቃናለታል። ጓዳ ያለውን የሚነካው የለም፤ ማን ለማይታይ ነገር ይደክማል? ሃሴት ይህን ታውቃለች። ሁሉም ሰው ያውቃል። ስለሚያውቀውም አያስበውም።

የመጣላት ነገር መጀመሪያ የተበላሸ ነበር የመሰላት። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ከጣሳ ውስጥ እንደሚወጣ ነው። አንድ ኮንዶሚኒየም አለ፤ ግቢው ውስጥ አንዲት ቦኖ አለች። ውሃ በፈረቃ ነው፣ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ የሚያውቅ የለም። ሰዎቹ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ይሰለፋሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይታረቃሉ፣ ይተጫጫሉ። አንዱ «ውሃ መጣ» ሲል ክፍሉ ያልቃል። በቃ ይኸው ነው። የሚፈነዳ የለም፣ የሚበር የለም፣ ጉንጯን የሚመስልም አንድ ሰው የለም።

አንድ ጎረምሳ ለአንዲት ልጅ እወድሻለሁ ሊላት አፉን ሲከፍት ከአጥሩ ውጪ የሆነ ሰውዬ «ቆራሌው» እያለ ያልፋል። ማንም አልጠራውም፣ ድራማው ውስጥም የለበትም፤ እንጀራውን ፍለጋ የወጣ የመንገድ ሰው ነው። ጎረምሳው አፉን እንደከፈተ ጠበቀው። ሰውዬው ራቀ። «እወድሻለሁ» አለ። ሃሴት ስትስቅ ዓይኗ ያቃጥላት ነበር፤ እያቃጠላት ሳቀች።

ከዚያ ትርሲት መጣች።

ትርሲት አራተኛ ፎቅ የምትኖር፣ ሁሌ ሰልፉ ካለቀ በኋላ የምትደርስ ሴት ናት። ጀሪካኗ ክዳን የለውም፤ በፌስታል ነው የምትወትፈው። አንድ ክፍል ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድማ ደርሳ፣ ጀሪካኗን ሞልታ ልታነሳ ስትል ወንድሟ መሞቱን ይነግሯታል። ሰው ሁሉ ታለቅሳለች ብሎ ይጠብቃል። ትርሲት ጀሪካኗን ታነሳና ደረጃውን ትወጣለች። ሙዚቃ የለም። አራቱንም ፎቅ ትወጣለች፣ ካሜራው ከኋላዋ ይከተላታል፤ አንዴም አይቆረጥም። ውሃው በፌስታሉ ጠርዝ እየፈሰሰ ቀሚሷን ያርሳል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ደግሞ የእሷ ያልሆነ ትንፋሽ ይሰማል። ሲር፣ ሲር የሚል። የካሜራ ማኑ ነው፤ ደክሞታል። ቤቷ ገብታ ጀሪካኑን ስታስቀምጥ ያ ትንፋሽ እንደመታነቅ ይላል፣ ምስሉም ይጨልማል።

ሃሴት ይህን ክፍል አየች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። ጠብታዋን ረሳች። ከዚያ ጉሮሮዋን እንኳን ሳትጠርግ ድምፅ መልቀቂያዋን ከፈተችና ለሚሰሟት ሁሉ አወራች።

«ስሙኝ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በናታችሁ እንዳትስቁ። ጓዳ ውስጥ አንድ ድራማ አለ፣ ስሙ ‹ውሃ መጣ›፣ ሰው ውሃ ይጠብቃል፣ ውሃ ይመጣል፣ ያልቃል፣ እኔ ደግሞ አብጃለሁ። ማይክራፎኑ እኮ ግድግዳው ላይ ጥላው ይታያል፣ እነሱ ግን ምንም አይመስላቸውም። ደግሞ ትርሲት የምትባል አለች፣ ደረጃ ትወጣለች፣ በቃ ደረጃ ነው፣ ግን ካሜራ የያዘው ሰውዬ ትንፋሹ ይሰማል፣ ይሰማል እኮ ነው የምላችሁ፣ ሰው ነበረ ማለት ነው፣ ከኋላዋ አንድ ሰው ነበረ። እኛስ ከኋላችን ማን አለ? ትርሲትን የሠራችው ሴትዮ በሕይወት ካሉ ጉልበታቸውን እስማለሁ፣ ሙች።»

ጓደኛዋ ሚልካ ወዲያው ደወለች። «ድምፅሽ ትኩሳት ያለበት ሰው ይመስላል» አለቻት።

«አየሽው?»

«አንድ ክፍል። ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ቆራሌው ነው።»

«ደረጃውን ሳታዪ አትናገሪኝ።»

«እሺ እመቤቴ፣ ደረጃ አያለሁ። ወደፊት ደግሞ በር ሲከፈት ታሳዪኛለሽ።»

ሚልካ ደረጃውን አየች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰዓት አልደወለችም፤ ስትደውል አፍንጫዋ ተዘግቶ ነበር።

ወሬው ቀስ ብሎ ሄደ። ከክፍላቸው ልጆች፣ ወደ ልጆቹ ታላላቅ እህቶች፣ ከዚያ ሃሴት ወደማታውቃቸው ሰዎች። በየቀኑ አዲስ ሰው «ፌስታሏን አየሁት» ብሎ ይጽፍላታል። ሃሴት ከዓይኗ ድና ትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ሲያረፍድ «ትርሲት መጣች» መባል ጀምሮ ነበር። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወደውን ነገር ሌላ ሰው ሲወደው አየች፤ ያንኑ፣ እንዳለ፣ ሳይቀየር።

ከዚያ አንድ መልእክት ደረሳት። የአሮጊት ድምፅ ነው፣ ሳቅ ያለበት።

«ጉልበቴ ስለሚያመኝ ሌላ ቦታ ፈልገሽ ሳሚኝ። ፍሬሕይወት እባላለሁ። አዳማ ነኝ።»

ሃሴት ቅዳሜ ጠዋት በባቡር ሄደች። ወይዘሮ ፍሬሕይወት በር ላይ ጠበቋት፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ፀጉራቸው በአጭሩ የተቆረጠ ነጭ። ሃሴት የትርሲትን አፍንጫ እዚያ ፊት ላይ ስታየው ሰላምታ ጠፋባት።

«ግቢ እንጂ፣ ሰልፍ የለም» አሏት። «አየሽ ምድር ቤት ነው። ያን ድራማ ከጨረስኩ በኋላ ደረጃ ያለበት ቤት አልኖርም ብዬ ማልኩ።»

«እማማ፣ እርስዎን ማየቴን አላምንም።»

«እማማ? እንደ እህትሽ እዪኝ ብል ይበዛብኛል መሰል። እሺ፣ እማማ ይሁን።»

ሻይ አፈሉላት፣ ብስኩት ቆረሱላት። ሃሴት አፏ አልገጠመም። ስለ ፌስታሉ ጠየቀች፤ ክዳኑ እውነትም ጠፍቶ ነው አሏት። ስለ ማይኩ ጥላ ጠየቀች፤ ዳይሬክተሩ «ዛፍ ነው የሚመስለው፣ እለፉት» ብሎ ነው አሏት። ድራማው ሲተላለፍ ማንም አላየውም ነበር፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ጣቢያ ላይ ኳስ ነበር። ጣቢያው ሲዘጋ ያለው ሁሉ ለመስኮት ተሸጠ። እሳቸው ዘንድ የነበረው ቅጂ በአንዲት አሮጌ ዲስክ ውስጥ ነበር፤ ዲስኳ ሞታለች፤ ብትነሳም የሚያነብባት ማሽን የለም።

«እና የት ነው የሚያዩት?»

«እዚሁ ግድግዳዬ ላይ ነዋ። ከጓዳ ጠርቼ። አንቺ እስክትመጪ ድረስ እኔ ብቻ ነበርኩ የማየው።» ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ስንት ሰው ሆናችሁ አሁን?»

«ኧረ ብዙ» አለች ሃሴት ፊቷ እየበራ። «እማማ፣ በጣም ብዙ ሰው ነው፣ ልጆቹ ሁሉ እርስዎን…»

የወይዘሮ ፍሬሕይወትን ፊት አይታ አቆመች።

«ያ ትንፋሽ» አሉ ወይዘሮ ፍሬሕይወት። «አንቺ የወደድሽው። ዳግም ነው፣ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረው። ያኔ ገና አልተጋባንም። አስም ነበረበት፤ ሌላ ካሜራ ማን ይውጣ ቢሉት እኔ ነኝ የምከተላት አለ። ላይ ስንደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ መናገር እያቃተው፣ ‹ይሄን ሁሉ ወጥቼ ካላገባሽኝ እከስሻለሁ› አለኝ። አገባሁት።» ፈገግ አሉ። «ካሜራ ማን ሁሌ ከካሜራ ኋላ ነው። አንድም ምስል ላይ የለም። ድራማው ላይ ድምፁም የለም፤ ዝምተኛ ነበር። ከዚያ የቀረኝ ያ ሲርታው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሰማዋለሁ።»

ሃሴት ብስኩቱን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቀረች።

«ብዙ ሰው ካየው ሳሎን ይወጣል» አሉ ሴትዮዋ። «ሳሎን ከወጣ ያቃኑታል። ተቆጥቼሽ አይደለም፣ የኔ ልጅ። እንዳንቺ ወዶልን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ዳግም ቢሰማሽ ደስታው አይቻልም ነበር። ግን ከእንግዲህ ዝም በይ። ዝም ካልሽ ይረሱታል። መርሳት ይችሉበታል።»

«ዝም እላለሁ።»

«ቃል?»

«ማርያምን።»

ሃሴት ቃሏን ልትጠብቅ ነበር። ይህን ማንም ቢጠይቃት ትምላለች። ባቡሩ ላይ ተቀምጣ፣ ቢሾፍቱ እስኪደርስ ድረስ እጇን ከጭኖቿ ሥር አድርጋ ነበር። ግን ደረቷ ውስጥ ያ ሰውዬ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መናገር አቅቶት፣ እየሳቀ። ደግሞም ዝም ማለት በቂ አልመሰላትም። እሷ ዝም ብትል ሌሎቹ ያያሉ፤ የጀመረችው እሷ ናት፣ ማስቆም ያለባትም እሷ ናት። ነገሩ ቀላል ነው፤ ልጆቹ ደግ ናቸው፤ ቢያውቁ ይተዋሉ። ድምፅ መልቀቂያዋን ከፈተች።

«ስሙኝ፣ በናታችሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ‹ውሃ መጣ›ን አትዩት። ማንም እንዳያየው። ከእሳቸው ቤት አሁን መምጣቴ ነው፣ ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ ነው። ያ ትንፋሽ ማን መሰላችሁ…»

ሁሉንም ነገረቻቸው። አስሙን፣ «እከስሻለሁ» ብሎ ያላቸውን፣ አንድም ምስል እንደሌለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚሰሙት። ለቅሶዋ ሁለት ሦስት ጊዜ አቋረጣት። ስትጨርስ ቀለል አላት።

ሚልካ ደወለች። «ምንድነው ያደረግሽው?»

«አትዩ አልኳቸው።»

«አዎ። ከዚያ ደግሞ ለምን መታየት እንዳለበት ነገርሻቸው።»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ሃሴቴ፣ እኔ ራሴ አሁን እያየሁት ነው።»

«ዝጊው።»

«የደረጃው መሃል ላይ ነኝ» አለች ሚልካ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ወጥታ ስትጨርስ እዘጋዋለሁ።»

አገር ሁሉ የደረጃው መሃል ላይ ነበር። ሃሴትን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች «አትዩት» የሚለውን ድምፅ ለሰው ላኩ፤ የተላከለት ሁሉ አየ። ካየ በኋላ ሌላውን አትይ አለ። ሰኞ ዕለት መምህራቸው ክፍል ውስጥ ስለ ዳግም አወራ። ማክሰኞ «ውሃ መጣ» ሳሎን ወጣ።

ረቡዕ ሃሴት ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ሶፋው ላይ ተጣጥፋ ስታለቅስ አገኘቻት። ግድግዳው ላይ ደረጃው አለ። ደረጃው ታጥቧል። በየፎቁ የምሽት ፀሐይ ይገባል፤ ያ ሕንጻ እንኳን የምሽት፣ የቀትር ፀሐይም አልነበረውም። ሦስተኛው ፎቅ ጠፍቷል፤ ከሁለተኛው በቀጥታ አራተኛው ላይ ይደረሳል። ጀሪካኑ ክዳን አለው። ከኋላ አንድ ወንድ ይተነፍሳል፣ በረዥሙ፣ ከመሰንቆ ጋር።

«አባትሽን አይመስልም?» አለቻት እናቷ፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሳታነሳ። «ትንፋሹ። ስሚው እስቲ። እኩለ ሌሊት ላይ ዞር ሲል እንዲህ ነበር የሚለው።»

ሃሴት ወደ ግድግዳው ዞረች። መስኮት ዓይኗን ያዘው። አሁን ጤነኛ ዓይን ነው፣ ጥርት ብሎ የሚነበብ። ደረጃውን የምትወጣው ሴት ቀና ስትል የሃሴትን ጉንጭ ይዛ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ባቡር ላይ ስለ ይቅርታ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ካዘጋጀችው አንድ ቃል አልቀረም።

ወይዘሮ ፍሬሕይወት ከፍተው አዩአት፤ ዞር ብለውም አሳለፏት። ወንበራቸውን አዙረውታል፤ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። ግድግዳው ላይ ድምፁ የተዘጋ «ውሃ መጣ» እየሄደ ነው።

«አልጠራሁትም» አሉ። «ራሱ ነው የሚያመጣልኝ። እንደምወደው ያውቃላ።»

«እማማ፣ እኔ…»

«ሻይ ቀድቼልሻለሁ፣ ይቀዘቅዛል።»

ሃሴት ተቀመጠች። ሻዩን አልነካችውም።

«ዳግም አለ እዚያ ውስጥ?» አለች በመጨረሻ።

«አለ። ለኔ የመጣልኝ የሱ ነው፣ ሌላ ሰው አልሰጡኝም። ግን አድነውታል።» ወይዘሮ ፍሬሕይወት ስኒያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ያንን ሲርታ ስሰማ ፊቴ ይከፋል፤ ከዱሮም። ያመኛላ። መስኮት ደግሞ ፊት ነው የሚያየው፤ ስለከፋኝ የጠላሁት መሰለው። አሁን ዳግም አራት ፎቅ ሲወጣ እንደ ልጅ ነው፣ ንጹሕ ሳንባ። አንዴም አይታነቅም። ሰላሳ ዓመት ትራሱን ከፍ አድርጌ ያስተኛሁት ሰውዬ።»

«እንዲመልሱት ማመልከት አይቻልም?»

«ጠየቅኩ። የመስኮት ሠራተኞች፣ ‹የትኛው እንዲመለስልዎ ይፈልጋሉ› አሉኝ። የበፊቱ ስላቸው፣ ዋናው ስለሌለ፣ ከማስታውሰው አስመስለው ሊሠሩልኝ አሰቡ። ሲሠሩልኝ ግን ፊቴን እያዩ ነው።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ትከሻቸው ላይ ብቻ ነበር። «በጣም ትሑት ናቸው፣ ምን ልበልሽ።»

ሃሴት ማልቀስ ጀመረች። ወይዘሮ ፍሬሕይወት አልከለከሏትም፣ አላባበሏትም። ስትጨርስ መሀረብ ሰጧት።

«አትዩት ያልኳቸው እንዲተዉት ብዬ ነው» አለች።

«አውቃለሁ። ሰምቼዋለሁ። ቆንጆ አድርገሽ ነው የተናገርሽው፤ እኔም ራሴ አልቅሻለሁ።»

 ውጪ ባጃጅ አለፈ። ሴትዮዋ ወደ በሩ እያዩ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «ደግነቱ ሌላም ሠርተን ነበር» አሉ። «እኔና ዳግም። ‹ውሃ መጣ› ካለቀ በኋላ ነው፤ አንድ ፊልም። ከሱም የባሰ ሰው ያላየው። እሱ ላይ ድምፁ አለ፤ አንድ ቦታ ካሜራው ኋላ ሆኖ ሲስቅ ይሰማል፣ አልቆረጡትም።»

የሃሴት ልብ ዘለለ። አፍንጫዋ ገና እርጥብ ነው፣ መሀረቡ እጇ ላይ ነው፤ ልቧ ግን ዘለለ፣ ልትይዘው አልቻለችም። ጥያቄውም ከአፏ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ካረፈ በኋላ ነው የሰማችው።

«ርዕሱ ምንድነው?»

ወይዘሮ ፍሬሕይወት አዩአት። በዚያ አስተያየት ውስጥ ቁጣ ፈለገች፤ ቢኖር ይሻላት ነበር።

«አልነግርሽም» አሉ። «እኔም ካሁን ወዲያ አልጠራውም። ባለበት ጨለማ ይቀመጥ።»

«እኔ ለማንም አልናገርም፣ እማማ።»

«ጠልቼሽ እንዳይመስልሽ» አሉ፣ ቀዝቃዛውን ሻይ ከፊቷ እያነሱ። «ስትወጂ ግን አይቼሻለሁ።»